ባክቴሪያን ነጥሎ ማብቀልና መለየት

ባክቴሪያዎች በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ተደባልቀው ስለሚራቡ፣ በሽታውን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አስቀድሞ ነጥሎ ማብቀል ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ምግቡን በጄላቲን አርግቶ ይጠቀም ነበር፤ ይሁንና ጄላቲን በሰው አካል ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ስለሚቀልጥ ሥራው ይሰናከል ነበር። መፍትሔውን ያመነጩት ፋኒ ሄሰ ሲሆኑ፣ በኮህ ቤተ ሙከራ ይሠሩ ለነበሩት ባለቤታቸው፣ ከባሕር አልጌ የሚገኘውንና በወጥ ቤት ማርማላታ ለማርጋት የሚያገለግለውን አጋር እንዲሞክሩ ሐሳብ አቀረቡ። ኮህ በ1882 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ባሳተመው ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ ስማቸውን አለማንሣቱ በእጅጉ የሚያሳዝን ነው።

ዛሬም ባለሙያው በእሳት ግሎ በቀዘቀዘ የሽቦ ቀለበት ናሙናውን በአጋሩ ገጽ ላይ ደጋግሞ ያሰምራል፤ ባክቴሪያው ከመስመር ወደ መስመር እየሳሳ ሄዶ፣ ተነጥሎ የቀረው ሕዋስ አንድ ቀን ያህል በሙቀት ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ተባዝቶ፣ ኮሎኒ የሚባለውን በዓይን የሚታይ ክምችት ይሠራል።

መለየቱ የሚጀምረው ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የማቅለም ዘዴ ነው። በመስተዋት ላይ የደረቀው ባክቴሪያ ሐምራዊ ቀለምና አዮዲን ከተደረገበት በኋላ በአልኮል ይታጠባል፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሐምራዊውን ሲይዝ፣ ስስ የሆነው ግን ለቆት በኋላ የሚጨመረውን ቀይ ቀለም ይወስዳል። ይህ ልዩነት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ፣ የማጅራት ገትር ሕመምተኛን የሚያክም ሐኪም የባክቴሪያው ሙሉ ማንነት ሳይታወቅ ተስማሚውን መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳዋል።