ስንቅ ያመላለሱ እናቶቻችንም ይጻፉ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ከእቁቡና ከቁጠባው ወጣ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። የምንናገረው ስለ ወይዘሮ ታደለች ኃይለሚካኤል ነው። አንዳንዶቻችሁ በሚኒስትርነታቸው፣ ሌሎቻችሁ «ዳኛው ማነው» በሚለው መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ታሪካቸው ለምን እኛን እንደሚመለከት መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

ነገሩ የሚጀምረው «መሬት ላራሹ» ብሎ ከተነሳው ትውልድ ነው። ከተማሪዎቹ መሪዎች አንዱ የወይዘሮ ታደለች ባለቤት ብርሃነመስቀል ረዳ ነበሩ። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋር ከባሕር ዳር የተነሳ አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ገቡ፤ ከዚያም አልጄሪያ ተሰደዱ። በ1964 ዓ.ም. በምዕራብ በርሊን ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ማርክስንና ሌኒንን ያነበቡ፣ ድሀው መንግሥት ይሆናል ብለው ያመኑ ወጣቶች ነበሩ።

አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ግን ሥልጣኑን የያዘው ወታደሩ ነው። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር ተባለ። ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ መሣሪያ ሲያነሳ ብርሃነመስቀል አይሆንም አሉ። በዚህ ሰበብ ከአመራር ወጡ፤ በራሳቸው ድርጅት ተገፍተው፣ በደርግም እየታደኑ ሰሜን ሸዋ መርሐቤቴ ገቡ። በ1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ወይዘሮ ታደለች ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የድርጅቶች ታሪክ ሲጻፍ ጉባኤው፣ መስመሩ፣ ክፍፍሉ ይጻፋል። የሚስቲቱ አሥራ ሁለት ዓመት ግን አንድ መስመር ካገኘ ብዙ ነው። ወይዘሮ ታደለች ራሳቸው ባይጽፉት ኖሮ «ባለቤቱም ታስራ ነበር» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ በጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የሴቶች ጉዳይን መሩ። በ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሴቶች ፖሊሲ ወጣ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቀድሞው ሕግ 15 የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 18 አደረገው፤ የጋራ ንብረትንም ባልና ሚስት አብረው እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ሱቅ ያላችሁ፣ ቤት በስማችሁና በባላችሁ ስም የተመዘገበላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ።

ይህ ዓይነት ዕጣ በሌላ አገርም ደርሷል። በስፔን ባስክ በሚባለው አገር ከማዕድን ቆፋሪ ቤተሰብ የተወለዱ ዶሎሬስ ኢባሩሪ የሚባሉ ኮሚኒስት ነበሩ። ከወለዷቸው ስድስት ልጆች አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ንግግራቸው ሕዝብ ያንቀሳቅስ ነበር። ወገናቸው ሲሸነፍ እ.ኤ.አ. በ1939 ተሰደው ሞስኮ ገቡ፤ አንድ ወንድ ልጃቸውም በስታሊንግራድ ጦርነት ሞተ። ከ38 ዓመት ስደት በኋላ በ1977 አገራቸው ተመልሰው የፓርላማ አባል ሆነው ተመረጡ። እሳቸውም የሕይወት ታሪካቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። በፖለቲካቸው መስማማት የግድ አይደለም። ሁለቱም ሴቶች ግን ታሪካችንን ሌላ ሰው ይጻፍልን ብለው አልተቀመጡም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚህ በአንዋር መስጊድ ዙሪያና በመላው መርካቶ የነበራችሁ እናቶች፣ እናንተ መሪ አልነበራችሁም፤ የማንም ድርጅት አባል ያልነበራችሁም ብዙ ናችሁ። ነገር ግን ቀበሌና ከፍተኛ እስር ቤት፣ ማዕከላዊ፣ ከርቸሌ ስንቅ ያመላለሳችሁት እናንተ ናችሁ። አገልግል ይዞ በር ላይ መቆም፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ «ልጄ በልቷል፣ አለ» ብሎ መተንፈስ፣ አንድ ቀን ደግሞ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብሎ ልብስ መቀበል ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ማልቀስ ተከልክሏል፤ ሐዘን መቀመጥ ተከልክሏል። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የመረቁት አራት ልጆቻቸውን ያጡ እናት መሆናቸው ተገቢ ነበር። ግን የአንዲት እናት ታሪክ የሁሉንም አይተካም።

እኛ የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ወጪው ካልተጻፈ ቀሪው ትክክል አይመጣም። የዚያ ዘመን ወጪ በአብዛኛው የተከፈለው ከእናቶች ጓዳ ነው። መዝገቡ ላይ ግን የለም። የሚያስታውሱት ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ በየዓመቱ ለቅሶ የምንደርሰው ለእነሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበራችን አንድ ደብተር ይክፈት። መናገር የምትፈልግ እናት ትናገር፤ ከመካከላችን መጻፍ የምትችል ትጻፍላት፤ ጽፋም መልሳ ታንብብላት። የምንጠይቀው ቀላል ነው፦ ለማን ስንቅ ወሰድሽ? የት? ስንት ጊዜ? ከዚያስ ምን ሆነ? የየትኛው ድርጅት ወገን ነበር ብለን አንጠይቅም። ኢሕአፓም ሰው ገድሏል፤ መኢሶንም ከደርግ ጋር በነበረበት ጊዜ ብዙ አጥፍቷል፤ ኋላም ራሱ ተመትቷል። የአብዮት ጠባቂው እናትም አልቅሳለች። የሟቾቹ ወገን ቢለያይም የእናቶቹ ለቅሶ አንድ ነበር። ስሟ እንዲጠቀስ የማትፈልግ እናት ስሟ አይጻፍም። መናገር የማትፈልግም አትገደድ፤ ዝም ያለችው ምክንያት አላት።

በሐሳቡ ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ጻፊዎችን እንመርጣለን። የደብተሩን ዋጋ ከወር መዋጮው ላይ ማውጣት እንዲቻል ዛሬውኑ እጅ በማውጣት ወስኑ።