የቆዳ ወንበር በኦሞ?

(የላቫጆ ውሃ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ላቫጆ ቆማችሁ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የመኪናው ጎማ የታሸበት የኦሞ አረፋ ወደ ቆዳ ወንበሩም ይሻገራል። ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል፤ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

የአብዛኞቹ መኪኖች የወንበር ቆዳ ላዩ በስስ ቀለምና መከላከያ የተለበጠ ነው። ኦሞና በረኪና ይህንን ልባጭ ይጎዱታል። የተረሳው ጠላት ግን አቧራ ነው። የሾፌሩን ወንበር በበሩ በኩል ያለውን ጠርዝ እስኪ እዩት! በወጣ በገባ ቁጥር ሱሪው ያሸዋል፤ መሃል የገባው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው እዚያ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ አቧራውን ከነስፌቱ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በቫኪዩም አውጡ። ከዚያ ለቆዳ የተሠራ ማጽጃ ጨርቁ ላይ አድርጉ፤ ወንበሩ ላይ አታፍስሱ። በማይታይ ቦታ ሞክራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አሹ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፤ በደረቅ ጨርቅም አድርቁት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወንበር ከሆነ ውሃ አታብዙ፤ ወደ ስፖንጁ ይሰርጋል።

ቫዝሊንስ? ብዙ ሰው ይቀባል፤ እኔ ግን ይቅርባችሁ እላለሁ። ልባጩን አልፎ ስለማይገባ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል።

ፀሐይም ቆዳውን ያደርቃል፤ ቀለሙንም ያደበዝዛል። ስታቆሙ ጥላ ፈልጉ፤ ከጠፋ የፊት መስታወቱን ከልሉ። ቆዳው አንዴ ከተሰነጠቀ ቅባት አይገጥመውም፤ ባለሙያ ስንጥቁን ሞልቶ ቀለሙን እንደገና መቀባት አለበት።