የወሰን መስመርና የውኃ መስመር
(በሐራ የተደረገ ንግግር)




ትንሽ ከተማ ወደ ትልቅ ጎረቤቷ ስትጠቃለል በአዋጅ የሚዛወረው ወሰኑ ብቻ ነው። ቧንቧው፣ መንገዱና የአቤቱታው በር በአዋጅ አይዛወሩም።

ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የሁለት ተጎራባች መንደሮችን ካርታ አንድ ላይ አነጠፍን። የከፍታ መነሻቸው የተለያየ መሆኑን ያወቅነው ግን ከሁለቱም ወገን የተቆፈረው ቦይ ሳይገናኝ ሲቀር ነበር። በካርታ የተዋሐደው በመሬት አልተዋሐደም።

ስለ መጠቃለል ሲነሣ አዘዞን ማስታወስ ይገባል። ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን ሲያሠሩ ጎንደር ገና መናገሻ አልሆነችም፤ አፄ ፋሲለደስ የቆረቆሯት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ግን ከመሐል ከተማው ወደ 12 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ታላቂቱ አዘዞ በታናሺቱ በጎንደር አስተዳደር ሥር ናት። እንግዲህ ዕድሜና ታሪክ ከመጠቃለል አያድኑም፤ የሚበጀው አስቀድሞ የተጻፈ ውል ነው።

የዚህ ዓይነቱን ውል በፊንላንድ እናገኛለን። በ2005 ዓ.ም. ሐውኪፑዳስ የተባለች ራሷን የቻለች የገጠር ወረዳ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ወደ ኦውሉ ከተማ ተጠቃለለች። በዚያ አገር ሕግ ተዋሐጆቹ አስተዳደሩና አገልግሎቱ እንዴት እንደሚደራጁ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማማሉ፤ ሠራተኛውም በውሕደቱ ምክንያት ለ5 ዓመት ከሥራው እንዳይሰናበት ይጠበቅ ነበር።

ይህ ጥያቄ ለሐራም ሩቅ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረውና ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድ መድረሻው እዚህ ነው። ሐዲድ ደግሞ ከተማን ወደ ራሱ ይስባል። ነገ ሐራ ወደ ወልድያ ትጠቃለል ቢባል ቀድመን ምን እንጠይቅ?

ሐራ ከወልድያ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ 100 ሜትር ሲወርድ ወደ 10 ባር ግፊት ይፈጥራል፤ በየመካከሉ ግፊት የሚሰብር ጋን ካልተሠራ ቧንቧው ሊፈነዳ ይችላል። ፍሳሽ ግን ጋንም ቧንቧም ሳይጠብቅ ይወርዳል። ስለዚህ ውሉ ሦስት ነገሮችን ይወስን፤ ውኃ ሲያንስ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል፣ የላይኛው ፍሳሽ የት እንደሚጣራ፣ የሐራ ሰው አቤት የሚልበት ቢሮ የት እንደሚሆን።

ክቡራንና ክቡራት፤ የሐራ ስም በባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ከወሰኑ መስመር በፊት የውኃው መስመር ይሠመር።