የታንኳ ገበታዎችን በኮምፔንሳቶ ላይ ስለ መንደፍ



በጣና ዳርቻ ላደገ ሰው ታንኳ ማለት የደንገል እስር ነው። ሠሪው ደንገሉን እያሰረና እያጎበጠ ሲሄድ ቅርጹ ከእጁ ሥር ይወጣል፤ አንደኛው ጎን ቢያጋድልበት በሚቀጥለው እስር ያቃናዋል። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው ታንኳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቅርጹ የሚወሰነው ገና ውኃ የሚመስል ነገር ሳይኖረው፣ በወለል ላይ በተዘረጋ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በእርሳስ ሲነደፍ ነው። በዚያች ሰዓት የተሳሳተ ሰው በኋላ የሚያቃናበት እስር አያገኝም።

ካያክ የሚባለው ጠባብና ረጅም ታንኳ ምንጩ ከግሪንላንድና ከሌሎች የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ነው። እነርሱ በእንጨት አጥንት ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር፤ ልኩም የሚወሰደው ከባለቤቱ ክንድና ስንዝር ነበር። ዛሬ ሰዎች በየቤታቸው ከሚሠሯቸው የእንጨት ካያኮች ብዙዎቹ ግን አጥንት የላቸውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ገደማ ኬን ሊትልዳይክ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር የኮምፔንሳቶ ገበታዎችን ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ መጋጠሚያውን በሙጫና በፋይበርግላስ ጥብጣብ የማጣበቅን ዘዴ አስተዋወቀ። ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ይህንኑ ዘዴ ይዘው በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበችውን ሚረር የተባለች ትንሽ የሸራ ጀልባ አወጡ፤ ከ70,000 በላይም ተሠርታለች። ከሠሯት መካከል ብዙዎቹ አናጢዎች አልነበሩም። ዘዴው የጀልባ ሠሪውን የብዙ ዓመት ልምድ ወደ ገበታው ቅርጽ አዛውሮታልና፣ ገበታው በትክክል ከተቆረጠ ስፌቱ ራሱ ታንኳውን ያስገኘዋል።

ኮምፔንሳቶ በአንድ አቅጣጫ በደስታ ይጎብጣል፤ በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ጎብጥ ቢሉት ግን እንቢ ይላል፤ ግድ ቢሉትም ይሰነጠቃል። ከቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ወይም የዘይት ማጥለያ የሚሠራ ሰው ይህን ሕግ ስሙን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ከጠፍጣፋ ነገር ቱቦና ሾጣጣ ይወጣል፣ ኳስ ግን አይወጣም። ልብስ ሰፊም ጨርቁን በኖራ ነድፎ ይቆርጣል፤ ዳሩ ግን ጨርቅ ይለጠጣልና ጥቂት ስሕተት ይሸፍንለታል። እንጨት እንዲህ ያለ ቸርነት የለውም።

ርዝመቱ 4.60 ሜትር የሆነ ካያክ እንውሰድ ቢባል፣ ሁለት የታችና ሁለት የጎን ገበታዎች ያስፈልጉታል። ጎባጣ ጠርዝ ከቀጥታ መስመር ስለሚረዝም ገበታዎቹ ከታንኳው ጥቂት ይረዝማሉ። በገበያ የሚገኘው ኮምፔንሳቶ ደግሞ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በቁመት መቀጠል ግድ ይሆናል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሁለቱም ጫፍ በመላጊያ 32 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት የውፍረቱን ስምንት እጥፍ፣ ተዳፍቶ ይላግና አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ ሠሪዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ ገበታውን በግማሽ በግማሽ ቆርጦ በኋላ ይቀጥላል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ሥራውም ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገበታ ላይ ቅጥሉ በአንድ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቢከፈት፣ ስሕተቱ ከ2.4 ሜትር በኋላ ጫፉ ላይ ሲደርስ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አስቀድሞ ቀጥሎ በኋላ መንደፍ ይህን አደጋ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ መስመሩ ቅጥሉን ሳያውቀው ያልፈዋልና። ረጅም ወለል የሌለው ሰው ከደጅ ወጥቶም ቢሆን ይህንኑ ቢመርጥ ይሻላል።

ነዳፊው አስቀድሞ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ የመነሻውን መስመር ይጥላል። የኮምፔንሳቶውን የፋብሪካ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው ብሎ አያምንም፤ በተለይ ከተቀጠለ በኋላ። በዚህ መስመር ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያደርጋል። ሜትሩን ግን እያነሣ ከምልክት ወደ ምልክት አይለካም፤ ሁሉንም ከዜሮ ይቈጥራል። በየእርምጃው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳትና ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ቢያደላ፣ በዐሥራ አምስተኛው ምልክት 7.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይጠብቀዋልና። ከዚያም በስኳድራ ቋሚ መስመሮችን አውጥቶ፣ ከንድፉ ሰንጠረዥ የተሰጡትን ቁጥሮች በየቋሚው ላይ ያሳርፋል።

አሁን በእንጨቱ ላይ ያለው ነጥብ ብቻ ነው። በየነጥቡ ቀጭን ሚስማር ይመታና አንጓ የሌለበት ተለማጭ የእንጨት ዘንግ በሚስማሮቹ ላይ ተደግፎ ይጎብጣል። ዘንጉ ቁጥር አያነብም፤ የሚያውቀው የራሱን ልምላሜ ነው። ነዳፊው ወደ ጫፉ ሄዶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በዘንጉ ርዝመት ይመለከታል። እብጠት ወይም ሥርጉድ ቢያይ ያንን ሚስማር ይነቅላል። ዘንጉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተንቀሳቅሶ ካረፈ ዘንጉ ይታመናል፤ በሰንጠረዡ ያሉት ቁጥሮች የተጠጋጉ ናቸው፣ የእርሳስም ጫፍ ውፍረት አለው። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ከዘለለ ግን ጥፋቱ የንባብ ነውና ወደ ሰንጠረዡ መመለስ ይገባል። «ቁጥሩ እንዲህ ይላል» ብሎ በሰያፍ መስመር ላይ የሚጸና ሰው እብጠቱን በውኃ ላይ እስከ ታንኳው ዕድሜ ያየዋል። በአንጻሩም ዐይኑን ብቻ አምኖ ሚስማሮቹን ሁሉ የሚነቅል ሰው ሌላ ታንኳ እየነደፈ መሆኑን ይወቅ።

ዛሬ የገበታዎቹን ቅርጽ ኮምፒዩተር አስልቶ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ መኪና ቆርጦ በጥቅል የሚሸጥበት ጊዜ ነው። ልኩ የሚያስመሰግን ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ዳሩ ግን ንድፍ ብቻ ገዝቶ እንጨቱን ራሱ የሚቆርጥ ሰው ከዘንጉ አያመልጥም።

የግራና የቀኙ ገበታ መንታ መሆን አለባቸው። ስለዚህ አንዱ ብቻ ይነደፍና ሁለቱ ኮምፔንሳቶዎች ተደራርበው፣ ከሚጣለው ክፍል ላይ በሚስማር ተያይዘው አብረው ይቆረጣሉ፤ መጋዙ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር በውጭ ይሄዳል፣ የቀረውን መላጊያ ይወስዳል። ሁለቱን ለየብቻ የነደፈ ሰው አንዱ ከሌላው በጥቂቱ የሚጎብጥ ገበታ ያገኛል፤ ሽቦው ግን ልዩነቱን አይናገርም፣ ጠምዝዞ ይይዘዋል። እንዲህ የተጠመዘዘ ካያክ በሰላማዊ ኩሬ ላይ ወደ አንድ ወገን እየሳበ ያስቸግራል። ከዳር በራቀ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ግን፣ ቀዛፊው ወደ ዳር ለመመለስ የሚፈልገውን ጉልበት አቅጣጫ በማቃናት ይጨርሰዋል።

የስፌቱ ቀዳዳዎች ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብተው፣ በየ10 ወይም በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይበሳሉ፤ መንታዎቹ ተደራርበው ሳሉ ቢበሱ ቀዳዳ ለቀዳዳ ይገናኛሉ። ሁለቱ የታች ገበታዎች በመካከለኛው ጠርዝ ተሰፍተው እንደ መጽሐፍ ሲከፈቱ ጠፍጣፋው እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ የታንኳ ሆድ ይሆናል። የጎኖቹም ከተሰፉ በኋላ ሽቦዎቹ ገና አይጠብቁም። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ በአግድም ይቀመጡና ከሩቅ ይታያሉ፤ ጠርዞቻቸው ትይዩ ካልሆኑ ታንኳው ተጠምዟልና ሽቦው ይላላል፣ ይገፋል፣ እንደ ገና ይታያል። ኤፖክሲው የሚበጠበጠው ዘንጎቹ ከተስማሙ በኋላ ነው።