እንዶድና ውሃ፦ ከዕፅዋት ጠቃሚ ንጥረ ነገር የማውጣት ንጹሕ ዘዴ

ከዕፅዋት ጠቃሚ ንጥረ ነገር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በአሟሚ ነው። በፋብሪካ ከተለመዱት መካከል ሄክሴን፣ ሜታኖልና ቡታኖል ይገኛሉ። ሁሉም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ የሄክሴን ትነት ደግሞ የሠራተኛን ነርቭ ይጎዳል። ንጹሕ የሚባሉት ዘዴዎች በእነዚህ ፈንታ ውሃን፣ እንፋሎትን ወይም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይጠቀማሉ። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ከመዓዛማ ዕፅዋት ዘይት የሚያወጣው በእንፋሎት ነው።

ለአዳማ አካባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ቀንድ አውጣን የሚገድል ፍሬ ያለው እንዶድ የተባለው ተክል ነው። በአዳማ አጠገብ ባለው በወንጂ ስኳር እርሻ የመስኖ ቦዮች የሚራቡት ባዮምፋላሪያ የተባሉ ቀንድ አውጣዎች የአንጀት ቢልሃርዚያን ያስተላልፋሉ። ሸንኮራ የሚያጠጣው ሠራተኛም በቦዩ የሚዋኘው ልጅም በሽታው የሚይዛቸው ከዚያው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነበር፤ ልብስ ሲታጠብ አረፋ የሚያወጣውም እሱው ነው። ከፍሬው ተለይቶ የታወቀው ንጥረ ነገር በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

የእንዶድ ኬሚስትሪ ልዩ የሚሆነው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ስለተያዘ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ገዳዩ ሳፖኒን የሚፈጠረውም ያን ጊዜ ነው። ሜታኖል ኢንዛይሙን ስለሚያሰናክል የሚያወጣው በአብዛኛው የማይሠራውን ዓይነት ነው። ስለዚህ ለእንዶድ ውሃ የተመረጠው ርካሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከውዶቹ አሟሚዎች የተሻለ ስለሚሠራ ጭምር ነው። የዐድዋ ልብስ አጣቢዎች ይህን ዘዴ ከሳይንቲስቶች አስቀድመው ይዘውት ነበር፤ ክብሩም ይገባቸዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከሰበሰቧቸው የእንዶድ ዘሮች ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ፤ እሳቸውና ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተጋርተዋል።

የውሃ ጭማቂው ቶሎ ስለሚበላሽ ፍሬው የሚቀመጠው ደርቆ ነው፤ የሚወቀጠውና የሚዘፈዘፈው ለሥራ ሲፈለግ ነው። ሳፖኒኑ በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ቢፈራርስም ዓሣንም ይገድላል። በወንጂ ቦይ ሊሠራበት የሚችለው መጠን፣ ኑሯቸውን በዓሣ የመሠረቱ ሰዎች ባሉበት በዝዋይ ሐይቅ ሊጨመር አይገባም።