ከዱራሜ እስከ ዋሽንግተን፦ የሎዛ አበራ የእግር ኳስ ጉዞና የስፖርት መምህራን ኃላፊነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ለእግር ኳስ ያላቸው ፍቅር ማስረጃ የሚያሻው አይደለም። ሀዲያ ሆሳዕና በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም በተጫወተባቸው ቀናት የሆሳዕና ሕዝብ ገበያውን ትቶ ወደ ሜዳ ሲጎርፍ ታይቷል። ስሙን ከሀምበሪቾ ተራራ የወሰደው የዱራሜ ቡድንም በ2016 ዓ.ም በወንዶች ፕሪሚየር ሊግ ለመወዳደር በቅቷል። ይሁን እንጂ ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ እጅግ ሩቅ የደረሰው የእግር ኳስ ስም ከእነዚህ ከሁለቱም ቡድኖች አልወጣም። በ1990 ዓ.ም በዱራሜ የተወለደችው የሎዛ አበራ ስም ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ የእርሷን ጉዞ በመከተል፣ ጉዞው ለትምህርት ቤት ሜዳ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው።

ሎዛ አጥቂ ናት። በአገር አቀፍ ውድድር መታወቅ የጀመረችው በሀዋሳ ከተማ ቡድን ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባው ደደቢት ተዛውራ ከአገሪቱ ታላላቅ ግብ አስቆጣሪዎች አንዷ ለመሆን በቃች። ቀጥላም ወደ ስዊድን ተሻግራ ለኩንግስባካ ተሰለፈች። ወደ አገሯ ተመልሳ በ2011 ዓ.ም ከአዳማ ከተማ ጋር የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ባለዋንጫ ሆነች። በተከታዩ ዓመት በማልታ ለቢርኪርካራ በመሰለፍ 30 ግቦችን አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ስትሆን፣ ቡድኑም የዚያ ዓመት አሸናፊ ተባለ። ከማልታ መልስ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን መለያ ለበሰች። በ2016 ዓ.ም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሊጀመር በተቃረበው አዲስ የሴቶች ሊግ ለሚወዳደረው፣ መቀመጫውን ዋሽንግተን ላደረገው ዲሲ ፓወር ፈረመች።

ይህን የከተሞች ዝርዝር በጥሞና ለተመለከተው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ፣ ኩንግስባካ፣ አዳማ፣ ቢርኪርካራ፣ ዋሽንግተን እያለ ሲቀጥል፣ ዱራሜ የተጠቀሰችው በትውልድ ቦታነት ብቻ ነው፤ ሆሳዕና፣ አንጋጫ፣ ዶዮገና ወይም ሺንሺቾም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ተሰጥኦው ከዚህ ምድር በቅሏል፤ የተኮተኮተው ግን በሌላ ቦታ ነው። አንዲት ልጅ ለመታየት አስቀድማ መሄድ ግድ ከሆነባት፣ መሄድ ያልቻሉት ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቁጥራቸውን የመዘገበ የለም፤ አለመመዝገቡም ራሱ የችግሩ አንድ ክፍል ነው።

ስለ ጉዞዋ ሲወሳ ድሉን ብቻ ማንሣት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ በኬንያ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ፣ ሎዛ 13 ግቦችን አስቆጥራ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆናለች። ሆኖም ንግድ ባንክ በፍጻሜው ጨዋታ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፎ ዕድሉ አመለጠው። የብሔራዊ ቡድናችን የሉሲዎቹ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሆነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም ኢኳቶሪያል ጊኒ ድረስ ተጉዘው ተሳትፈዋል። ከዚያ ወዲህ ግን በ2014፣ በ2016፣ በ2018 እና በ2022 በተካሄዱት የፍጻሜ ውድድሮች ላይ አልተገኙም። እነዚህ ዓመታት ሎዛ ያደገችባቸውና የበሰለችባቸው ዓመታት መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። አንዲት ግብ አግቢ የቱንም ያህል ብትበረታ ብቻዋን ቡድን ልትሆን አትችልም፤ ኳሱን የሚያቀብላት፣ በልምምድ የሚፈትናት፣ ስትደክም የሚተካት ሰው ያሻታል።

በንግድ ባንክ ታሪክ የታየው ቀጣዩ ምዕራፍ ይህንኑ ያስረዳል። ሎዛ ወደ አሜሪካ ካመራች በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የዚያው ማጣሪያ ውድድር በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ንግድ ባንክ በፍጻሜው ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ውድድር የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። በ13 ግቦች ያልተገኘው ዕድል እርሷ በሌለችበት ተገኘ። ይህ ግን የእርሷን ዋጋ አያሳንስም። በእርሷ ዘመን የተከፈተውን መንገድ ሌሎች እኅቶቿ ተራምደውበታልና፣ የአንድ ታላቅ ተጫዋች ፍሬ በራሷ ግቦች ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ያሳያል።

መንገዱ ረጅም መሆኑን የሌላው ዓለም ታሪክም ይመሰክራል። የፖርቱጋል ወንዶች እ.ኤ.አ. በ1966 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫቸው ሦስተኛ ሲወጡ፣ የዚያችው አገር ሴቶች ለዓለም ዋንጫ የበቁት ከ57 ዓመት በኋላ በ2023 ነው። በዚያም ውድድር ከባለዋንጫዋ አሜሪካ ጋር ያለ ግብ ተለያዩ፤ በጭማሪ ሰዓት የመቱት ኳስ በግቡ ቋሚ ባይመለስ ኖሮ አሜሪካንን ከውድድሩ ያሰናብቱ ነበር። እግር ኳስን እንደ ባህሏ የምታይ አገር ይህን ያህል ዘመን ከወሰደባት፣ የእኛ መዘግየት ለተስፋ መቁረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ለቸልተኝነት ሰበብ ሊሆንም ግን አይገባም።

እንግዲህ የዚህ ማኅበር አባላት ድርሻ ምንድን ነው? በሀዲያና በከምባታ የገጠር ቤት እንሰት የመፋቅ፣ ውኃ የመቅዳትና ታናናሾችን የመጠበቅ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወንድሟ ወደ ሜዳ ሲሮጥ እርሷ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ ለብዙዎቹ ልጃገረዶች ኳስ የሚነካበት አስተማማኝ ጊዜ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ነው ማለት ይቻላል። መምህሩ በዚያች ሰዓት ኳሷን ለወንዶቹ ሰጥቶ ሴቶቹን ከጥላ ሥር ቢያስቀምጣቸው፣ ሳያውቀው የአንዲትን ልጅ ጉዞ ከመነሻው ቆርጦታል።

መፍትሔው ታላቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ለሴቶች የተለየ የሜዳ ሰዓት መመደብ፣ በጎረቤት ትምህርት ቤቶች መካከል ግጥሚያ ማዘጋጀት፣ የተጫዋቾችን ስም፣ ዕድሜና ውጤት በመዝገብ ማኖር፣ ወላጆችንም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማነጋገር ከእያንዳንዱ መምህር አቅም በላይ አይሆንም። በተለይ መዝገቡ ሊናቅ አይገባም፤ ምልመላ ሲመጣ የልጅቱ ምስክር እርሱ ነውና።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ከዱራሜ የተነሣች ልጅ ዋሽንግተን መድረሷ አካባቢውን ሁሉ የሚያኮራ ነው። ኩራቱ ሙሉ የሚሆነው ግን ቀጣዪቱ ልጅ ጉዞዋን ስትጽፍ፣ ከትውልድ ቦታዋ ስም አጠገብ የመጀመሪያ ሜዳዋንና የመጀመሪያ አሠልጣኟን ስም ጭምር ከዚሁ አገር መጥራት ስትችል ነው።