ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት
(የሠፈራችን ማኅበር የጤና ኮሚቴ በእሑዱ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች የተለጠፈ)



እንደምታውቁት ክረምቱ ገብቷል። ሌሊት ተነስተን ጀሪካን የምንደረድርበትም ነገር አልቀረም። ዛሬ ግን ስለ ውሃው ማነስ ልናማርር አልተነሳንም፤ እሱን ለሚመለከተው ክፍል አመልክተናል። የተነሳነው ያቺን የተገኘችውን ውሃ እንዴት አድርገን እንደምንጠጣት ለመነጋገር ነው።

«የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ምን ያስፈላዋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የለገዳዲም ሆነ የገፈርሳ ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚለቀቀው። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሲገፋ፣ በተሰነጠቀው በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋና በዚያችው ስንጥቅ የውጭው እድፍ ወደ ውስጥ ይሳባል። በክረምት ደግሞ መሬቱ ርሶ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ምን እንደሚሳብ አስቡት! ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ የምናየውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሱ ለወለል ማጠቢያ ይዋል እንጂ ለመጠጥ አይቀዳ። ጠርቶ ሲመጣም ቢሆን የታይፎይድ፣ የአሜባና የጃርዲያ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት እዚሁ አዲስ አበባ ገብቶ እንደነበር አብዛኞቻችን እናስታውሳለን።

ታዲያ ምን ያህል ይፍላ? በየቤቱ ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ልዩ ልዩ ነው። ገና ጢስ ጢስ ሲል የሚያወርዱት አሉ፤ ያ ሞቀ እንጂ አልፈላም። ሌሎች ደግሞ ከቀድሞ በሰሙት መሠረት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያንተከትኩ ከሰሉን ይጨርሱና፣ በሚቀጥለው ሳምንት «ኧረ አልቻልንም» ብለው ጭራሹን ይተዉታል። ሁለቱም አይሆንም። ውሃው ከሥር እስከ ላይ እየተገላበጠ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ይበቃል። በቆላ አንድ ደቂቃ በቂ ነው። እኛ ግን ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃችን በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ድሬዳዋ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ባቄላው ቶሎ ይበስላል። በ92 ዲግሪም ቢሆን ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ የደቂቃው ጭማሪ ለጥንቃቄ ነው።

ከሰል ውድ መሆኑን አልዘነጋንም። ስለዚህ ድስቱን መክደን ነው፤ ክዳን የሌለው ድስት ከሰል ይበላል። ደግሞ በየሰዓቱ አንድ ኩባያ ከማሞቅ፣ ወጡ ወርዶ ፍሙ ገና ሳይከስም የዕለቱን በአንድ ጊዜ መጣድ ይሻላል። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ ማዝቀጥ፣ ከዚያም በታጠበ ነጠላ አጥፎ ማጥለል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ውሃ ለማፍላት ብሎ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ጢስም የለውም። «ፍሙ ስለቀላ ጉዳት የለውም» የሚባለውን አትመኑ። ውሃው ይቅርብን እንጂ ምድጃው ውጭ ይደር። የፈላውንም ድስት ሕፃናት ከሚድሁበት ወለል ላይ አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ቤት ውሃው በደንብ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚበላሸው። ትላንት ጥሬ ውሃ የነበረበት ጀሪካን ውስጥ ይገለበጣል። ልጁ ከኳስ ሜዳ ይመጣና በዚያ እጁ ኩባያውን ይዞ እስከ አንጓው ይነክረዋል። ምን ዋጋ አለው? የፈላ ውሃ እኮ ክሎሪን እንዳለበት ውሃ ራሱን አይጠብቅም፤ እጅ ከገባበት እንደ ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ በፈላበት ዕቃ እንደ ተከደነ ይቀዝቅዝ። ከተቻለ ከዚያው ይቀዳ፤ ካልተቻለ አፈ ጠባብ በሆነ፣ በሳሙናና በፈላ ውሃ በታጠበ ዕቃ ይገልበጥ። አዘንብሎ መቅዳት እንጂ መጥለቅ የለም። ቧንቧ ያላት ባልዲ የገዛችሁ ጥሩ አድርጋችኋል፤ ቧንቧዋን ግን ማጠብ አትርሱ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ጨርሱት።

ዕቃውን በወይራ ማጠን ደስ የሚል ወግ ነው፣ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን መታጠኑ መፍላትን አይተካም። «ጠላ ጀርም ይገድላል» ብሎ ጥሬ ውሃ መጨመርም መተማመኛ አይሆንም።

ከሰል ያልተገኘ ዕለት ከመድኃኒት ቤት የሚሸጥ የውሃ ማከሚያ፣ «ውሃ አጋር»ን የመሰለ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በጠራ ውሃ ላይ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ለአሜባና ለጃርዲያ ግን ማፍላት ይበልጣል። ነዳጅ ወይም ሌላ ኬሚካል የነካው ውሃ ቢፈላም አይጠጣም። የስምጥ ሸለቆ ዘመዶቻችሁን ጥርስ የሚያጠቁረው ፍሎራይድም በመፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል።

ከተሰብሳቢው ሦስት ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንዲት እናት የሦስት ወር ሕፃን የፈላ ውሃ ይሰጠው እንደሆነ ጠይቀዋል። አይሰጠውም፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ውሃውም በውስጡ አለ። ከዚያ በላይ ያለ ልጅ ሲያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ማጠጣትና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ሁለተኛው፣ «እኛ ቡናና ሻይ ነው የምንጠጣው» የሚል ነበር። ቡናው ፈልቷል፣ ሲኒው ግን በምን ታጠበ? ሲኒውም በፈላ ውሃ ይለቅለቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከአንድ አባት የቀረበ ነው፤ «የፈላ ውሃ አይጥመኝም፣ የሞተ ውሃ ነው» ብለዋል። እውነት አላቸው፣ ሲፈላ በውስጡ የነበረው አየር ስለሚወጣ ጣዕሙ ይለወጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከአንዱ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማገለባበጥ ነው፤ ጣዕሙ ይመለሳል።

የጤና ኮሚቴው